የኡስታ ሸውቂ ቦርጭ

እሁድ፣ ፌብሩዋሪ 10

ዛሬ፣ በሳምንቱ የመጀመሪያ የሥራ ቀን፣ የሁለተኛው መንፈቅ ትምህርት ተከፈተ፤ የተፈተንነው ግን እኛ መምህራኑ ነን። ሰልፉ እንደተበተነ ርዕሰ መምህሯ «መምህራን በሙሉ ወደ ቤተ መጻሕፍት!» አለች። ስንገባ ሚዛን ተቀምጧል፣ ግድግዳው ላይ የቁመት መለኪያ ተለጥፏል፣ ከጠረጴዛው ኋላ ደግሞ ከጤና ጣቢያ የመጣች፣ አፋፍ የምትባል ነርስ ተሰይማለች። አፋፍን ጂኦግራፊ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። በረሃና ደለል እየተምታታባት ስንት ቀይ እስክሪብቶ ጨርሼባታለሁ። ዛሬ እስክሪብቶው በእሷ እጅ ገባ።

ጫማዬን አወለቅኩ። ሰዓቴን አወለቅኩ። መነጽሬንም አወለቅኩ። የጋብቻ ቀለበቴን ላወልቅ ብታገል እምቢ አለ።

«ይተዉት መምህርት ኢንሺራህ» አለችኝ አፋፍ በትሕትና፤ «ችግሩ ከቀለበቱ አይደለም።»

ሰማንያ አራት ኪሎ። ቁመቴ አንድ ሜትር ከስድሳ። ኪሎዬን ለቁመቴ አካፈለችው፤ የወጣውን እንደገና ለቁመቴ አካፈለችው፤ ሠላሳ ሁለት ነጥብ ስምንት ሆነ። ከሃያ አምስት በታች ደህና ነው፤ ከዚያ እስከ ሠላሳ ወፈር ያለ ነው። ከሠላሳ በላይ ያለውን ስሙን በጆሮዬ ሹክ አለችኝ። ከኋላዬ ተራ የያዘችው የሂሳብ መምህርት ግን አንገቷን አስግጋ ኖሮ፣ ለእረፍት ስወጣ የመምህራን ክፍሉ ሁሉ ሰምቶ ጠበቀኝ።

ቤት ገብቼ ለሸውቂ ነገርኩት። ምነው ምላሴን በቆረጠው! ባሌ ወንበር ሠሪ ነው፤ ሰፈሩ ለባለሙያነቱ «ኡስታ ሸውቂ» ይለዋል። ሲስቅ እንደ መጋዝ ነው፤ አንዴ ከጀመረ እንጨቱ ሳይበጠስ አያቆምም።

«ሠላሳ ሁለት ነጥብ ስምንት!» አለ እንባውን እየጠረገ። «እኔን የምታሳዝነኝ ነጥብ ስምንቷ ናት። ጠጋ በሉልኝ ብላ እኮ ነው የገባችው!»

ራት አልበላሁም። (አይብ በዳቦ ራት አይባልም።)

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 12

ሸውቂ ፋርማሲ ሄዶ ተመዘነ። ሰባ ኪሎ፣ አንድ ሜትር ከስድሳ ስምንት፤ ሃያ አራት ነጥብ ስምንት። ደህና ነው! ወረቀቷን ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፏታል፤ ልጃችን ዩምና ከኩዌት የላከችልን የልጅ ልጃችን ፎቶ ላይ። የሕፃኑ አንድ ጆሮ ብቻ ይታያል።

«ዓምና እኮ ሰባ አምስት ነበርኩ» ይለኛል። «አልሮጥኩ፣ ምግብ አልቀነስኩ፤ እንዲሁ ወረድኩ። ተፈጥሮ ነው መምህርት፣ ተፈጥሮ!»

ይህን ብሎ የውሃውን ጆግ አነሳና ብርጭቆ ሳይፈልግ ጨለጠው። ትናንት በጨው የከረመ ዓሣ በልቶ ነበር፤ እሱ ነው ያስጠማው።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 15

ምሳ ታች ቤት፣ አማቴ ሀጃ ቡሰይና ዘንድ። እንደ ዓርብ ወጉ ዳክዬዋ ሆዷን በሽንኩርት ሞልታ ቀረበች። ጭኗን ላነሳ እጄን ስዘረጋ ሸውቂ ሹካውን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ሳህኔ ላይ ዘረጋው።

«ሠላሳ ሁለት ነጥብ ስምንት!»

ሀጃ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ምንድን ነው እሱ? የስልክ ቁጥር ነው?»

«የምራትሽ የውፍረት ቁጥር ነው እማ።»

«ለዚህ ቁጥር ምን ያደርግልኛል፣ ዓይን አለኝ። ወፍራም ናት፤ ታምራለች። ሥጋ የሌላት ሴት እኮ ዕቃ ያልገባበት ቤት ናት፤ ስትናገር እንኳ ያስተጋባል።» ከዚያ ጭኗን አንስተው ራሳቸው አጎረሱኝ።

የትልቅ ሰው ጉርሻ መመለስ ነውር ስለሆነ በላሁ። ሁለተኛውንም።

ሸውቂ ወዲያው ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጣለው። ሰሞኑን እንቅልፍ አብዝቷል። ቁጭ ብዬ አየሁት። እግሩ የሽመላ ነው፤ ክንዱ የልጅ ነው፤ መሃሉ ግን ሐብሐብ የዋጠ ዘንዶ ነው። ሐብሐቡ ከትንፋሹ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ሃያ አራት ነጥብ ስምንት የሚባለው ይሄ ነው?

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 20

በችኮላ። ትምህርት ቤት በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ችግሩ፣ መንገዱ መሸበክ የሚባለው ጣፋጭ መጥበሻው ደጃፍ ላይ ማለፉ ነው። ዛሬ ገና ከዘይቱ እየወጣ፣ ስኳሩ እየተንጠባጠበ ነበር። ለሸውቂ ብዬ ገዛሁ። የተረፈውን ለሸውቂ ሰጠሁት።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 25

ለምርመራ ደም ልሰጥ በባዶ ሆዴ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ውጤት ስጠብቅ ኑዛዜዬን በልቤ ጨረስኩ፤ አምባሮቼን ለዩምና፣ የግድግዳ ካርታዎቼን ለትምህርት ቤቱ፣ ሸውቂን ለእናቱ። ውጤቱ መጣ፤ ስኳሬ ደህና፣ ግፊቴ ደህና፣ የደም ቅባቴ ትንሽ ከፍ ያለ።

«ታዲያ ቁጥሩ ዋሸ?» አልኳት አፋፍን። እውነቴን ነው፣ ትንሽ ኮራ ብዬ ነበር።

«አልዋሸም። ግን ሁሉን አያውቅም። ሚዛን ምን ያህል እንዳለ እንጂ የት እንደተቀመጠ አይነግረንም። ዳሌና ጭን ላይ ያለ ስብ ጨዋ ተከራይ ነው። ሆድ ውስጥ ገብቶ ጉበትና አንጀት መሃል የተቀመጠው ግን ቤት ያፈርሳል። ለዚህ ነው ወገብ የሚለካው።»

ሲባጎ አመጣች። ከተረከዜ እስከ አናቴ ለካችና ቆረጠችው፤ ከዚያ እኩል አጠፈችው።

«ይሄ የቁመትዎ ግማሽ ነው። ወገብዎን ከዞረ ሰላም ነን።» ከጎድን አጥንቴ በታች፣ ከዳሌ አጥንቴ ከፍ አድርጋ አስዞረችው። «ይተንፍሱ። ወደ ውጭ! ኧረ መምህርት፣ ሆድዎን እየሳቡ ነው!»

ተነፈስኩ። አራት ጣት ያህል ጎደለ።

«ይሄን ቀስ ብለን እናመጣዋለን» አለችኝ። «ሰውነትዎ ታግሶዎታል፤ ትዕግሥቱን አይጨርሱበት። ኡስታ ሸውቂስ?»

«ሃያ አራት ነጥብ ስምንት» አልኩ በቅናት።

«ሆዳቸውስ?»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። «ይዘዋቸው ይምጡ» አለችኝ።

ዓርብ፣ ማርች 1

ዛሬ አንድ ጥቅል ሲባጎ ይዤ «ና ልለካህ» አልኩት በግልጽ።

«ምኔን? ሱሪዬን አታዪም? ሠላሳ አራት ቁጥር! ከውትድርና ከተመለስኩ ጀምሮ ሠላሳ አራት ቁጥር ነው የምለብሰው። ሰው ይዋሻል፤ ሱሪ አይዋሽም።»

እውነት ነው፣ ሱሪው ሠላሳ አራት ነው። ድሮ ግን እምብርቱ ላይ ነበር የሚታጠቀው። ዛሬ ቀበቶው ከቦርጩ ሥር ወርዶ፣ ዝናብ እንደመጣበት ሰው ተጠልሎ ነው የሚኖረው። ይህንኑ ነገርኩት።

«ፋሽን ነው» አለኝ።

ማክሰኞ፣ ማርች 5

ሁለተኛ ሙከራ። «ጀለቢያ ላሰፋልህ ነው» አልኩት። «ሰፊው ልኬን ያውቃል» አለኝ። ሰፊው ጋ ሄድኩ። ሰፊው አቀርቅሮ ክር እያስገባ «ኡስታ ሸውቂ ልኬን ለሚስቴ እንዳትነግር ብሎ አስምሎኛል» አለኝ።

ታዲያ ሸውቂ ልኩን ያውቀዋል ማለት ነው።

ሦስተኛ ሙከራ። ከምሳ በኋላ ሲተኛ፣ ሲባጎውን ላሾልክ ከወገቡ ሥር እጄን ሰደድኩ። ዓይኑን ሳይገልጥ «እያቀፍሽኝ ነው ወይስ እየገነዝሽኝ?» አለኝ።

«እያቀፍኩህ ነው።»

ከዚያማ ማቀፍ ግድ ሆነ። ለካ ከረምረም ብለናል። ልኬቱን ረሳሁት።

ሲነሳ እግሩን ወለሉ ላይ እያሻሸ ወደ ውሃው ሄደ። «ሰሞኑን አሸዋ የምረግጥ ይመስለኛል» አለ። ከወርክሾፑ ይዞት የሚመጣው ሰጋቱራ ነው። ወለሉን ሁለቴ ጠረግኩት።

ሐሙስ፣ ማርች 14

ታች ቤት ከሀጃ ጋር አተር ስንፈለፍል «ሸውቂ መለካት ለምን ፈራ?» አልኳቸው፣ እንደ ቀልድ።

ሀጃ እጃቸው ሳያቆም «አባቱም እግሩ ቀጭን ነበር» አሉ።

«ሆዳቸውስ?»

«ሆዱ ላይ የሻይ ብርጭቆ ይቀመጥ ነበር። እኔው ነበርኩ የማስቀምጥለት። ልጆቹ ይስቃሉ፤ እሱም እንዳይፈስ ብሎ ትንፋሹን ይይዛል።»

የሸውቂን አባት አልደረስኩባቸውም። ወርክሾፑ ውስጥ እንደሞቱ ግን አውቃለሁ። የሙሽራ ቁምሳጥን ጨርሰው፣ እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ ቁምሳጥኑን እንደተደገፉ። ሠራተኞቹ ሸለብ ያደረጋቸው መስሏቸው እንዳይረብሿቸው ማሽኑን አጥፍተው ነበር። ሻይ ይዞ ሊቀሰቅሳቸው የገባው ሸውቂ ነው።

«ዕድሜያቸው ስንት ነበር?» አልኩ።

ሀጃ ቀጣዩን አተር ፈለፈሉ። አተሩ ሳህኑ ውስጥ ጠብ፣ ጠብ አለ። ከዚያ «ሸውቂ ስንት ሞላው?» አሉኝ፤ የወለዱት እሳቸው ሆነው።

እኔ በነገሩ አልተጨነቅኩም። አተሩን ግን ሳላጥብ ነው የቀቀልኩት፤ ሸውቂ ነው የነገረኝ።

ሐሙስ፣ ማርች 21

የእናቶች ቀን። ዛሬ የሆነውን በዝርዝር ልጽፈው።

ሸውቂ ለእናቱ የሱፍ ሻርፕ ገዝቶ ወረድን። ሀጃ ሻርፑን ዳሰሱት፣ መረቁት፣ አጣጥፈው ወንበር ላይ አስቀመጡት።

«አራት ሻርፕ አለኝ፤ አንገቴ አንድ ነው። ሌላ ነገር ነው የምፈልገው።»

«እዘዢኛ እማ! ዓይኔን ብትጠይቂኝ...»

«ዓይንህን ምን ላደርገው። ተነስና በሩ ጋ ቁም። ኢንሺራህ፣ ያንን ሲባጎሽን አምጪ።»

ሲባጎ እንዳለኝ ነግሬያቸው አላውቅም። ሸውቂ ወደ እኔ ዞሮ እንደ ከሃዲ አየኝ። እናቱ ግን እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል፤ በእናቶች ቀን ደግሞ ማን እምቢ ይላል? ቆመ። ሀጃ ወንበር ላይ ልውጣ ሲሉ ጮኸን አስቆምናቸውና የአናቱን ጫፍ እኔ ያዝኩ። ቆረጥን፣ አጠፍን።

«ለሣጥን ነው የምትለኩኝ?» አለ ሸውቂ።

«አፍህን ዝጋ፤ ሆድህን ልቀቅ» አሉት።

ሆዱን ሳበ። ደረቱ እንደ አውራ ዶሮ ተነፋ፤ ፊቱ ቀላ፤ ከቀላ በኋላ ወደ ሐምራዊ ሄደ። ሀጃ ሲባጎውን ይዘው ዝም ብለው ጠበቁ።

«እኔ እንደሆንኩ ዛሬ ሌላ ጉዳይ የለኝም» አሉት። «አንተ ሳትተነፍስ እስከ ስንት ሰዓት ልትቆይ ነው?»

ኡፍ ብሎ ተነፈሰ። ቦርጩ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሲባጎው ዞረ፣ ዞረና ቆመ። በሁለቱ ጫፎች መሃል የቀረውን ክፍተት ሀጃ በስንዝራቸው ለኩት፤ ትንሽዬዋ እጃቸው ተዘርግታ ልክ ገጠመችው። ወገቡን በሜትር ስለካው ዘጠና ስምንት ሴንቲ ሆነ። ሰማንያ አራት ነበር መሆን የነበረበት።

እስቃለሁ ብዬ ነበር። ለአንድ ወር ስንት ቀልድ አዘጋጅቼ፣ ስንት ነጥብ ስምንት ልመልስለት ቆጥሬ! አንዱም አልመጣልኝ አለ። ሀጃ እጃቸውን ከሆዱ ላይ ሳያነሱ «ስጦታዬ ይሄ ነው። ቅዳሜ ደም ትሰጣለህ» አሉት፤ ከዚያ ጎንበስ አድርገው ግንባሩን ሳሙት።

ደረጃውን ስንወጣ መሃል ላይ ቆሞ ተነፈሰ። «ይሄ ደረጃ ከፍ ብሏል ልበል?» አለኝ።

ቅዳሜ፣ ማርች 23

ስኳሩ በባዶ ሆዱ ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት። ከመቶ በታች ነበር መሆን የነበረበት። ግፊቱም ከፍ ብሏል። ሸውቂ አፋፍን «ማሽኑ ስንት ዓመቱ ነው?» አላት። በሌላ ማሽን ደገመችለት። ያው ነው። ከሐኪሙ ኪኒን ታዘዘለት፤ ዳግመኛ እንዲመጣም ቀጠሩት። ወደ ቤት ስንመለስ መሸበክ መጥበሻው ደጃፍ ላይ ሁለታችንም ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየን አለፍን።

ማክሰኞ፣ ማርች 26

ተጣላን።

ኪኒኑን አልዋጠም። «ደህና ሰው ነበርኩ!» ይላል። «ለክታችሁ በሽታ አመጣችሁብኝ። ያልተለካ ሰው አይታመምም!»

«የጂኦግራፊ መምህርት ፊት እንዲህ አይባልም» አልኩት። «ተራራ ስላልተለካ ሜዳ ይሆናል?»

«እንዲያውም ተራራው አንቺ ነሽ! ሠላሳ ሁለት ነጥብ ስምንት አንቺ! ጤነኛዋ አንቺ፣ በሽተኛው እኔ? ይሄ ፍርድ ነው?»

«ሙት እንግዲህ!» አልኩት።

አመለጠኝ። መልሼ ልውጠው ብል የማይሆን ነው። ትራሱን ብብቱ ሥር አድርጎ እናቱ ቤት ወረደ።

ሐሙስ፣ ማርች 28

ሀጃ ጠዋት ማታ በደረጃው ወደ ላይ ዜና ያነባሉ።

«ፉል በልቷል! ዘይት አላደረግኩበትም!»

«ኪኒኑንስ?»

«ትራሱ ሥር ደብቆታል! የማላውቅ እንዳይመስልህ ብዬዋለሁ!»

«አኩርፏል?»

«አይ፣ እያንኮራፋ ነው!»

ከሥራ ስመለስ በወርክሾፑ በኩል ዞሬ መጣሁ። መንገዱ ስለሚያቀርብ ነው። (አያቀርብም።) ሸውቂ አዲስ ቁምሳጥን ኋላ ቆሞ መሸበክ ይበላል፤ ለሠራተኞቹም ያድላል፤ ይስቃል። ድምፁ እስከ መንገዱ ይሰማል። ብገባ አፉን ጠርጎ ይቆም ነበር። አልገባሁም። ያንን ቃል የተናገረ አፍ ይዤ ምን ብዬ ልቆጣው?

ዛሬ በእውነት ራት አልበላሁም። አይብም የለም።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 3

ሀጃ ዛሬ አንቀበልህም አሉት፤ «ሚስትህ ምሳ ሠርታለች፤ ውጣ» ብለው። መጣ። በሩ ላይ ነጠላ ጫማውን አወለቀ፤ ሰላም አለኝ፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ሩዝ አማስላለሁ። ወለላችን ነጭ ሸክላ ነው። ሲራመድ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

«ምንድን ነው የምታንኳኳው?» አልኩ ሳልዞር።

«እኔ? ምንም።»

ቀጭ፣ ቀጭ። ዞርኩ። ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ድረስ ወለሉ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ተደርድሯል።

አስቀመጥኩትና እግሩን ጭኔ ላይ አደረግኩት። ወንበር የሚለበድበት ሚስማር፣ ያ ራሰ ክቡ፣ ሙሉ በሙሉ ተረከዙ ውስጥ ገብቷል። አናቱ ብቻ እንደ ወርቅ ቁልፍ ያበራል።

«ሸውቂ፣ ይሄ መቼ ገባብህ?»

«የቱ?»

እግሩን ቀና አድርጌ አሳየሁት። የሌላ ሰው እግር ያሳየሁት ይመስል ቆይቶ ቆይቶ አየው። ወርክሾፑ ውስጥ ለቀትር ሶላት ጫማውን ሲያወልቅ ረግጦት መሆን አለበት። ከዚያ ነጠላ ጫማ ተጫምቶ፣ ገበያውን አቋርጦ፣ ደረጃ ወጥቶ መጥቷል።

በራሱ ጉጠት ነቀልኩለት። ስነቅል እግሩን አያይም፤ መቼ ማመም እንዳለበት ሊያውቅ ይመስል ፊቴን ነው የሚያየው።

«አመመህ?»

«አይ» አለ። ድምፁ የልጅ ሆነብኝ። ትንሽ ቆይቶ «አባቴም የሚያመው ነገር አልነበረም» አለኝ።

ሩዙ አረረ። ተነስቼ አላጠፋሁትም። እግሩን ይዤ ቁጭ አልኩ፤ ሁለታችንም እስኪበቃን ድረስ አለቀስን፤ ከዚያ ጭሱ ሲያስለን «አሁን በምን እንደምናለቅስ አይታወቅም» አለና አሳቀኝ።

«ሙት ያልኩህን ይቅር በለኝ» አልኩት። «እሱንማ እየታዘዝኩ አልነበር?» አለኝ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 4

ሐኪሙ ጋ አብረን ገባን። ቁስሉን አጠበ፣ መርፌ ወጋው። ከዚያ ሸውቂን ዓይኑን አስጨፍኖ በቀጭን ክር እግሩን ነካ ነካ እያደረገ «ሲሰማዎት ‹አሁን› ይበሉ» አለው። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ነካው፤ ሸውቂ ጥቂት ጊዜ ብቻ «አሁን» አለ፤ ስኳሩ የእግሩን ስሜት እየበላው ኖሯል።

ውሃ ጥሙን፣ እንቅልፉን፣ አሸዋ መርገጡን፣ «ተፈጥሮ» ያለውን የወረደ ኪሎ አንድ በአንድ ጠየቀው። ሁሉንም የመለስኩለት እኔ ነኝ፤ ለካ ሁሉም የስኳሩ ምልክት ነበር። ሁሉንም አይቼዋለሁ እኮ! ጆጉን የሞላሁት እኔ፤ ወለሉን የጠረግኩት እኔ።

ትእዛዙ ይኸው፦ ኪኒን። ከጣፋጭና ከጨው መራቅ። በየቀኑ መራመድ። ወገቡን መቀነስ። በባዶ እግር አንድ እርምጃ አለመሄድ፣ ቤት ውስጥም፣ መታጠቢያ ቤትም፣ ባሕር ዳርም። ረመዳን በሩ ላይ ስለሆነ መጾም ይችል እንደሆነ ሸውቂ ጠየቀ። «ስኳሩ ይውረድና ተመልሰን እንወስናለን» አለው ሐኪሙ።

ሲወጣ ሐኪሙን «እሷስ? ሠላሳ ሁለት ነጥብ ስምንት ናት» አለው፤ ተስፋ አይቆርጥም። ሐኪሙ የእኔን ውጤት አየና «እሷም ትራመድ። አብራችሁ ተራመዱ» አለ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 20

በችኮላ፣ ልንወጣ ነው።

የማቀዝቀዣውን ወረቀት ሸውቂ ራሱ ቀደደው። የልጅ ልጃችን ሁለት ጆሮ አለው።

ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣል፤ በእያንዳንዱ ጉንጭ የሰው መርዶ የሰማ ይመስላል። በየቀኑ ከአስር ሰዓት ሶላት በኋላ ናይል ዳር እንሄዳለን። በእነዚያ የሽመላ እግሮች ቀድሞኝ ይሄድና ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ስደርስበት ጉዞ ይጀምራል፤ እኔ እረፍት የለኝም። ቁስሉ ደርቋል። ማታ ማታ እግሩን በመስተዋት እየፈተሸ ለእናቱ ሪፖርት ያቀርባል።

አፋፍ ለካችን። የእሱ ወገብ ዘጠና አምስት። ስኳሩ ገና ከፍ ያለ ቢሆንም በጣም ወርዷል። እኔ ሰማንያ አንድ ኪሎ፤ ቁጥሬ ሠላሳ አንድ ነጥብ ስድስት። ያው ከሠላሳ በላይ ነኝ። ወገቤ ግን ከአራቱ ጣት አንዱን መልሷል።

«ነጥብ ስምንቷ ወዴት ሄደች?» አለኝ ሸውቂ። «ለምደናት ነበር።»

ሰኞ፣ ኤፕሪል 29

ሸም ኢል ነሲም፣ የጸደይ በዓል። ከተማችን ዱምያት በሙሉ ዛሬ ራስ ኢል ባር ወርዷል፤ ባሕሩ ዳር ላይ ምንጣፍ ለመዘርጋት አንድ ሰው በጎኑ መቆም ነበረበት። ሀጃን ከነወንበራቸው ተሸክመን አስቀመጥናቸው። ጎረቤቶቻችን እንደ በዓሉ ወግ በጨው የከረመ ዓሣቸውን ከፈቱ፤ እኛ ትኩስ ዓሣ ጠብሰን በአረንጓዴ ሽንኩርት በላን። ሸውቂ የጎረቤትን ዓሣ የሚያየው በሌላ ሰው ሰርግ ላይ የድሮ እጮኛውን እንዳገኘ ሰው ነው።

ከዚያ ተነሳና ሸሚዙን ማውለቅ ጀመረ።

እዚህ ባሕር ዳር በየዓመቱ እንመጣለን። ባሌ ሸሚዙን ያወለቀው ዩምና ጥርስ ስታበቅል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አላስታውስም። «ፀሐይ ያቃጥለኛል» ይላል። «ውሃው ቆሽሿል» ይላል። «ዕቃውን ማን ይጠብቅ?» ይላል። እኔም አምኜው፣ ልጄን ይዤ ብቻዬን ገብቼ እወጣ ነበር፤ እሱ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ዕቃ ጠብቆ፣ እየሳቀብን። እንዴት አላየሁትም? ሰው ላይ ሲስቅ የሚኖር ሰው፣ የራሱን ነገር እዚያ ሸሚዝ ውስጥ ቆልፎበት ነበር።

ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታ። ቆመ። ነጭ ነው፤ ፀሐይ አይቶት አያውቅም። ቦርጩን አልሳበውም። ከአጠገባችን የተቀመጡ ልጃገረዶች አፋቸውን ይዘው ሳቁ፤ አያቸውና እሱም ሳቀ፤ ቦርጩን ታ፣ ታ አድርጎ መታላቸው። እግሩ ላይ የሐኪሙን ትእዛዝ ሊፈጽም የገዛው ጥቁር የላስቲክ ጫማ አለ፤ ሲራመድ እንደ እንቁራሪት ይጮሃል።

«ቀዝቃዛ ነው አንተ! ደረትህን ይመታሃል!» አሉ ሀጃ ከወንበራቸው።

አልሰማም። ውሃው ጉልበቱ ላይ ሲደርስ ዞረና እጁን ወደ እኔ ዘረጋ።

«መምህርት! ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ዕቃውስ?» አልኩት።

«ዕቃውን እማ ትጠብቅ!»

ገባሁ፤ ከነቀሚሴ፣ ከነሻሼ። የመጀመሪያው ማዕበል ሁለታችንንም አንገዳግዶ አስቀመጠን። እጄን አልለቀቀም።